ሌሊት የሚወርዱት ጫጩቶች

ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር ስልኬ የጮኸው። የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ ይማራል። መመረቂያ ጽሑፉን በቦርከና ዓሦች ላይ ሊሠራ ክረምቱን እኛ ቤት ኮምቦልቻ ከርሟል። ትናንት ወንዝ ዳር ድንጋይ አንሸራቶት፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ደሴ እናቱ ዘንድ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ የዛሬዋ ሌሊት ካመለጠችኝ አለቀልኝ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ኔትወርክ ሲቆራረጥ መጮህ እወዳለሁ።

«አብሽር! ጫጩቶቹን እኔ እይዝልሃለሁ! ምን? ሲጨልም ነው? እሺ ገባኝ። ኧረ ማንም አያየኝም! በአጎበር ነው የምጠልፋቸው!»

ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭጭ ብሏል። የጓሮ ጎረቤታችን እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። በዚያው ሳምንት ሦስት ጫጩት ጠፍቶባቸዋል። እኔ ነገሩን ጭራሽ አላገናኘሁትም። እንዲያውም ፈንዲሻ ይጨመርልኝ አልኩ።

የዓሣ ሰዎች ትንሿን ዓሣ «ጫጩት» ነው የሚሏት። ምን ላድርግ፣ ቃሉን እኔ አላወጣሁት። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ራት ላይ ሲያስተምረን ስለከረመ ታሪኩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። ነጩ ዓሣ፣ በእነሱ አጠራር ላቤኦባርበስ፣ ወንዝ ሲሞላ ሽቅብ ይወጣል። ጠጠር ያለበት፣ ውሃው ፈጠን የሚልበት ቦታ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። የጣናዎቹ ዘመዶቹም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ ብትሆን እንቁላሏንም ጫጩቷንም አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። ነጩ ዓሣ ግን ጥሎ ሂያጅ ነው። የተፈለፈለው ጫጩት መጀመሪያ ጠጠር ሥር ተወሽቆ ሆዱ ላይ ያለችውን አስኳል ይጨርሳል። ከዚያ ገና ዋና ሳይለምድ ውሃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። ብዙ የወንዝ ዓሣ ይህን ጉዞ ሌሊት ነው የሚያደርገው። በዓይኑ እያየ የሚያድነው ትልቅ ዓሣ በጨለማ አያገኘውማ።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ፣ ለ10 ደቂቃ፣ መረብ ውሃው ውስጥ መዘርጋት። ትክክለኛው መረብ ግን ከነቦርሳው ደሴ ሄዷል። ስለዚህ ባለቤቴ ቤተሰብ ልትጠይቅ ስትወጣ ጠብቄ የአልጋችንን አጎበር ፈታሁ። በሽቦ 50 በ40 ሴንቲሜትር አፍ ሠራሁለት። ሌላ የሚያስፈልገው ሎሚ ነው። ሎሚ ወንዙ ላይ ትጥላለህ፣ 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ትቆጥራለህ። የውሃው ፍጥነት እሱ ነው። የእኔ ሎሚ 20 ሰከንድ ፈጀባት። በዚህ ሂሳብ በ10 ደቂቃ በመረቤ ውስጥ 60 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል። የላይኛው ውሃ ስለሚፈጥን ትንሽ ይቀነስለታል እንጂ ሥራው ይኸው ነው።

ውሃው ጉልበቴ ድረስ ነው። መስከረም ቢሆንም ይቆረጥማል። መጀመሪያ የገባልኝ የለስላሳ ጠርሙስ ነበር። ቀጥሎ የጫት ገራባ። ቀጥሎ የግራ እግር ነጠላ ጫማ። ቦርከና ደሴን አልፎ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፤ የላይ ሰፈር ዘመዶቻችን የማይልኩልን ነገር የለም። ቀኝ እግሩን ጠብቄ ነበር፣ አልመጣም።

የተረፈውን በሻይ ማጥለያ አጥልዬ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። የእጅ ባትሪ አበራሁበት። ቅጠል፣ አሸዋ፣ ቅጠል። ድንገት አንዷ ቅጠል ዓይን አወጣች። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ብርጭቆ የመሰለች ነገር። ሁለት ጥቁር ነጥብ ዓይን፣ ከኋላ ክር የምታህል ጭራ። በሰውነቷ ውስጥ የሳህኑ አበባ ይታያል። ትንፋሼን ያዝኩ።

በዚህ መሃል ፊሽካ ተነፋ።

«እጅ ወደ ላይ!»

አነሳሁ። በአንዱ እጄ ሎሚ፣ በሌላው ማጥለያ። የሰፈሩ ዘበኛ ነው፣ ሁለት ጎረምሶች አስከትሏል። ከኋላ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላ ይዘው።

«ጫጩቶቹ የታሉ?» አለ ዘበኛው።

«ሳህኑ ላይ።»

«አረዳቸው!» እትዬ እሪ አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ በሕይወት አሉ! ገና አልኮል ውስጥ ልከታቸው ነው።»

ይህችን ባልናገር ይሻል ነበር። ዘበኛው ልጁ ለናሙና የተወልኝን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተ። «አረቄ ነው» ብሎ ፈረደ። አንደኛው ጎረምሳ ሎሚዬን እያየ «ሎሚ የሚወረወረው በጥምቀት አይደል እንዴ?» አለ። ሌላው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሸሸት አለና «ድግምት ነው» አለ።

ልጁ ጋ ደውዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ስለ ነጭ ዓሣ አንድ ሰው ጠየቀው ማለት ነው፤ ማን ያቆመዋል! እስኪጨርስ እግሬ ደነዘዘ። ዘበኛው ግን ተመሰጠ።

«ቆይ፣ ትልቁ እንዳያያቸው ብለው ነው በሌሊት የሚወርዱት?»

«አዎ።»

«እንደ ሌባ በላ።» ቀስ በቀስ «አንተ» ማለቱን ትቶ «ጋሼ» አለኝ። የ4 ሰዓቱንና የ6 ሰዓቱን ዙር ባትሪ ያበራልኝ እሱ ነው። ጎረምሶቹም ሎሚ መጣል ላይ ተሻሙ። በድምሩ ሰባት ያዝን።

ጠዋት ልጁ ፎቶውን አይቶ ደወለ። «ጋሼ፣ አራቱ የእንቁራሪት ልጆች ናቸው።» ዘበኛው ሲሰማ ከእኔ የበለጠ ተቀየመ። ልጁ ቀጠለ፦ «መረቡ ዓይኑ ስንት ነው?»

«የአጎበር ነዋ።»

ዝም አለ። ለካ የእነሱ መረብ ዓይን ግማሽ ሚሊሜትር ነው። በእኔ አጎበር አብዛኞቹ ሾልከው እየሳቁብኝ ወንዙ ወደሚወርድበት ወደ ጨፋ ሜዳ ሄደዋል።

አጎበሩ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ወንዝ ወንዝ ይላል። ባለቤቴ የተቀደደውን ጎን በእኔ በኩል አድርጋ ሰቅላዋለች።

የእትዬን ጫጩቶች የበላው ሸለምጥማጥ መሆኑ በሳምንቱ ታወቀ። እትዬ ግን አሁንም ቡና ሲጠሩኝ መጀመሪያ የዶሮ ቤቱን ይቆልፋሉ።