ማን አለ?

የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አንብቦ መረዳት አስተምራለሁ። ለረጅም ጊዜ ምንባቡን አነብላቸውና አብራራላቸው ነበር። ከዚያ «በሉ፣ አሁን ራሳችሁ ሥሩ» እላለሁ። ጎበዞቹ ይሠራሉ። የቀሩት ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው እኔን ይጠብቃሉ። መልሱን መጨረሻ ላይ እንደምናገር ያውቃሉ።

«እኔ ልሥራ፣ አብረን እንሥራ፣ እናንተ ሥሩ» የሚለውን ብዙ መምህር ያውቀዋል። ሐሳቡ የመጣው ዴቪድ ፒርሰንና ማርጋሬት ጋላገር እ.ኤ.አ. በ1983 አንብቦ መረዳትን ስለማስተማር ከጻፉት ነው። ሥራው መጀመሪያ መምህሩ ትከሻ ላይ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ተማሪው ይሄዳል። እኔ መሃሉን እዘል ነበር።

አሁን ስጀምር የማስበውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «ቆይ፣ እዚህ ጋ ግራ ገባኝ። ወደ ኋላ ልመለስ።» መጀመሪያ ሰሞን አንዷ «ቲቸር፣ እርስዎም ግራ ይገባዎታል?» አለችኝ። አዎ፣ ይገባኛል። ጎበዝ አንባቢ ሲቸገር ምን እንደሚያደርግ ልጆቹ ዓይተው አያውቁም ነበር። የሚያዩት የተጠናቀቀውን መልስ ብቻ ነበር።

ከዚያ አብረን እንሠራለን። ለእኔ ከባዱ ይሄ ነው። በቀደም ያነበብነው ታሪክ ውስጥ እህትየው «ዕቃ ቤት ውስጥ ሰው ተደብቋል» ትላለች። ወንድሟ «ማን አለ?» ይላታል። አንዱ ልጅ «አለ»ን አጥብቆ አነበበው፤ ማን አለ ውስጥ እንደማለት። ጓደኛው «አይደለም፣ ይላላል!» አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍልንም፤ አንባቢው ከትርጉሙ መፈለግ አለበት። ድሮ ቢሆን ወዲያው እፈርድ ነበር። አሁን ዝም አልኩ። በሆዴ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ደቂቃ ይረዝማል፣ በጣም ይረዝማል።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። «ቀጥሎ "ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት" ትለዋለች። ስለዚህ የጠየቃት ማን ነገረሽ ብሎ ነው። ይላላል።» ይህቺ ልጅ በክፍሌ ተናግራ የምታውቅ አይደለችም። ማስረጃውን ከምንባቡ አወጣችው። ጓደኞቿ ወደ ገጹ ተመልሰው አረጋገጡ። ወደ እኔ የዞረ አልነበረም።

ቡድን ሲሆኑ ደግሞ አኔማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቁትን ዘዴ እጠቀማለሁ። ልጆቹ በየተራ መምህር ይሆናሉ። ተረኛው ጥያቄ ይጠይቃል፣ አሳጥሮ ይናገራል፣ ያልገባውን ያጣራል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሲያቅታቸው ትንሽ ፍንጭ እሰጣለሁ፤ መልሱን ግን አልሰጥም።

አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። ኃላፊነቱን አንዴ አስረክቤ የሚያልቅ አይደለም። በታሪክ ጎበዝ የሆነ ልጅ የሳይንስ ምንባብ ሲሰጠው ይደናገራል። ሥዕሉን መቼ እንደሚያይ፣ ቀስቱን ከየት ጀምሮ እንደሚከተል አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ይሄ ያበሳጨኝ ነበር፤ የደከምኩበት ሁሉ የፈረሰ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ስለ ደም ዝውውር ልናነብ ነው፤ ቀስት የበዛበት ሥዕል አለው። እንደገና ከ«እኔ ልሥራ» እጀምራለሁ። የኋላ ወንበሯን ልጅ ግን ከፊት አስቀምጫታለሁ።