ቡኒዋ አለቀች

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ካለውም ነፋሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ አደረ፤ ስነሳ ጠረጴዛዬ ላይ አቧራ፣ ስዕሌ ላይ አቧራ። ፓስቴል ራሱ አቧራ ነው በሉት። የቀለም ዱቄት በትንሽ ሙጫ ተጠፍጥፎ ጠመኔ ሆነ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። እንደ ዘይት ቀለም አይደርቅም፤ ወረቀቱ ሻካራ ስለሆነ ብቻ እዚያው ላይ ተቀምጦ ይቆያል። እፍ ብትሉት ይሄዳል። ይህን ይዞ አዳማ ላይ ከቤት ውጭ ለመሳል መውጣት የጤና መሆኑን እንጃ።

ለማንኛውም ቡኒዋ አለቀች። አለቀች ስል የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ቀርታለች፤ በጥፍሬ ይዤ ልጨርሳት ስል ወረቀቱን ቧጨርኩት። የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚፈገፍጉበት ብርጭቆ ወረቀት ላይ ነው የምሠራው፣ ቀለም ይይዝልኛል፣ ጣቴን ግን ይልጠዋል። ቡኒ ልግዛ ብዬ ባጃጅ ያዝኩ።

ፍራንኮ ሰፈር ስደርስ ጋሼ ጀበና ቡና ቤቷ በር ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውን አይቶ ማለፍ አይቻልም። «ስዕሉስ?» አሉኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ስልኬን አውጥቼ የቆቃ ሐይቅን ስዕል አሳየኋቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ሮዝ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ዳር ላይ ሁለት ግራር። ሳልዋሽ፣ ኮርቼበታለሁ። ሰው አልባ፣ ዝም ያለ ተፈጥሮ።

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ከዚህ በፊት የሠራሁትን፣ ያንን በሞጆ በኩል ያለውን ኮረብታ ታስታውሳላችሁ አይደል? ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ አሉ፤ መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102 ተተክለዋል። አንዱንም አልሳልኩም። ስዕሉን ያበላሹታል፣ ተፈጥሮ አይደሉም አልኩ። ደግሞ ማስረጃ ነበረኝ። ኤድጋር ደጋ የሚባለው ፈረንሳዊ (ቆላ ለተወለድን ሰዎች ስሙ ራሱ ይበርዳል) በ1892 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳያቸውን የፓስቴል መልክዓ ምድሮች ሜዳ ላይ ቆሞ ሳይሆን ከትዝታው ነው የሠራቸው። እኔም ከትዝታዬ ሠራሁ። ትዝታዬ ውስጥ ተርባይን የለም፣ አለቀ።

ጋሼ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት፣ ከዚያ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ውሃው አምሯል» አሉ። ትንሽ ቆይተው «እኛ ልጅ ሆነን ግን አልነበረም» አሉ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ውሃው ነዋ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። የቆቃ ግድብ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ጋሼ የተወለዱት በ42። ሐይቁ የአሥር ዓመት ታናሻቸው ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከፍጥረት ጀምሮ እዚያ የተኛ አድርጌው ነበር። የግድብ ውሃ መሆኑን አላውቅም ነበር ማለቴ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ እንደተሠራም፣ 43 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭም። ግን እዚያ ዳር ቁጭ ብዬ ሮዙን ከሰማያዊው ጋር በጣቴ ሳሽ አንዱም ትዝ አላለኝም። ተርባይኑን «ሰው ሠራሽ ነው» ብዬ አባርሬ ሌላውን ሰው ሠራሽ በሰማያዊ አቆነጀሁት። ቆንጆ ነገር ያሞኘኛል።

«እዚህ ጋ» አሉ ጋሼ፣ ጣታቸውን ውሃው መሃል አድርገው፣ «ሰው ይኖርበት ነበር። ከብት ይግጥበት ነበር።» ጣታቸው ስክሪኑን ነክቶ ምስሉ ተለጠጠና ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ሳይመልሱት ቡናቸውን አነሱ።

ጋሼን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ወንጂ ነው ያደጉት። አባታቸው ከከምባታ ለሸንኮራ ቆረጣ ሲመጡ እሳቸው ገና የ4 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሆላንዶቹ ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመሩበት ሰሞን። ያ ሁሉ አረንጓዴ ሸንኮራ፣ እኔ አንድ ቀን እስለዋለሁ ብዬ ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ያስቀመጥኩለት ማለት ነው፣ እሱም ተፈጥሮ አይደለም እንግዲህ።

ከዚያ አንድ ቀልድ ነገሩኝ፣ ቀልዱን ረስቼዋለሁ፣ ሳቃቸውን ግን አልረሳሁትም። አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነው የሚስቁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ፀሐይ በጎን ስለነበረች በጣቶቻቸው መሃል ጥርሳቸውን አየሁት። ቡኒ ነው። ያ ያለቀብኝ ቡኒ፣ ቁርጥ እሱ።

የጉድጓድ ውሃው ነው። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ስለሆነ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ወንጂ ላይ በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡኒ ሆኖ ይበቅላል፣ ብዙ ዓመት የጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል። የጋሼ አባት ጎብጠው ነው የሞቱት። ቤተሰቡ ሁሉ «ሸንኮራው ሰበረው» ይል ነበር። ውሃው ይሆን እንዴ? ጋሼን ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና ስኳር ይጨምሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጨመሩ። ሦስት ማንኪያ።

አሁን ማታ ነው፤ ነፋሱ ትንሽ ጋብ ብሏል። ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አየዋለሁ። ምን ላድርገው? ተርባይን ልጨምርበት? ከብት ውሃ ውስጥ ልሳል? ጥግ ላይ ያለችውን ቁልቋል ብቻ ነው የማልጠረጥራት። በኦሮምኛ አዳሚ ነው የምትባለው፣ የከተማችንም ስም ከሷ መጣ ይባላል፣ እሷ እንኳ ቀድማ ነበረች።

ጋሼን ግን መሳል አለብኝ። ሲስቁ። እጃቸውን ብስለው ጥርሱ አይታይም፤ ጥርሱን ብስለው እሳቸው አይሆኑም፣ ደግሞ ይቀየሙኛል።

ለካ የወጣሁት ቡኒ ልገዛ ነበር። ግማሽ ቀን ዞሬ አንድ ኪሎ ብርቱካንና የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይዤ ገብቻለሁ። ሰዓቱም ባትሪ ቢቀየርለት አልሠራ አለ።