ከረጅም የሄልፕ ጽሑፍ አንድ መስመር ማውጣት

ባለፈው ሳምንት በታር (ብዙ ፋይሎችን በአንድ ፋይል በሚያሽግ ፕሮግራም) የታሸገ ፋይል ስፈታ፣ ይዘቱ ሁሉ ስሙ በረዘመ አንድ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ያንን የውጭ ፎልደር አስቀርቶ የውስጡን ብቻ የሚያወጣልኝን ኦፕሽን (ከትእዛዙ ጋር የሚጨመር ምርጫ) ፈለግሁ። ከስሙ የማስታውሰው «ስትሪፕ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። የታር ሄልፕ፣ ማለትም የአጠቃቀም መግለጫው፣ የተርሚናሉን ስክሪን ደጋግሞ ሞልቶ ስለሚያልፍ በዓይን መፈለጉን ትቼ «ታር --ሄልፕ | ግሬፕ ስትሪፕ» ብዬ አዘዝሁ። «|» (ፓይፕ) የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ግሬፕ ደግሞ የተፈለገው ቃል ያለበትን መስመር ብቻ ያወጣል።

ሁለት መስመሮች መጡ። አንደኛው ከፋይል ስም መጀመሪያ ላይ ስላሽ እንዳይነሳ የሚያደርገው የትልቁ ፒ ኦፕሽን ሲሆን፣ ሌላው የፈለግሁት ስትሪፕ-ኮምፖነንትስ ነው። ማብራሪያው ግን መሀል ላይ ተቆርጧል፤ ቀሪው ያለው በሚቀጥለው መስመር ላይ ነውና። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ለዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሠራው ግሬፕ ስሙን ያገኘው ኢዲ ከተባለው ኤዲተር ትእዛዝ ነው፤ ትርጉሙም ቃሉ ያለበትን መስመር ሁሉ ፈልገህ አትም ማለት ስለነበር፣ ቃሉ የሌለበትን ተከታይ መስመር አያወጣም። ለግሬፕ «-ኤ 1» የሚለውን በትልቁ ኤ ስጨምርለት ተከታዩም መስመር አብሮ መጣ።

የሚፈለገው ቃል ራሱ በሰረዝ ሲጀምር ግሬፕ የራሱ ኦፕሽን ይመስለዋልና፣ ከቃሉ በፊት «--» ብቻውን ማስቀደም ያስፈልጋል።

ብዙ ጀማሪዎችን ግራ ሲያጋባ የማየው ግን ሌላ ነው። በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ኤስኤስኤችን ያለ አድራሻ ጠርተን ውጤቱን ወደ ግሬፕ ብንልክ፣ ምንም እንዳልተጣራ ሁሉ ጽሑፉ እንዳለ ስክሪኑ ላይ ይፈስሳል። ግሬፕ አልተበላሸም፤ ፓይፕ የሚያሻግረው ቁጥር 1 የሆነውን መደበኛ ውጤት ብቻ ሲሆን፣ ኤስኤስኤች ግን በስህተት መጠራቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ የሚጽፈው የስህተት መልእክት በሚወጣበት በቁጥር 2 በኩል ነው። ይህም ትክክለኛ አሠራር ነው፤ የስህተት መልእክት ሌላ ፕሮግራም ከሚጠብቀው ዳታ ጋር መቀላቀል የለበትም። ከፓይፑ በፊት «2>&1» ብለን ስንጽፍ ሁለቱ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

የኤስኤስኤች አጭር ጽሑፍ የኦፕሽኖቹን ስም እንጂ ሥራቸውን ስለማይናገር፣ እኔ ለእርሱ ማኑዋሉን «ማን» በተባለው ትእዛዝ ከፍቼ በስላሽ መፈለግን እመርጣለሁ። ከኦፕሽኑ ስም በፊት «^ *» (ከመስመሩ መጀመሪያ ባዶ ቦታ ብቻ አስቀድሞ የመጣ ማለት ነው) ካስቀደምሁ፣ ስሙ በየአንቀጹ መሀል የተጠቀሰበትን ሁሉ አልፎ በቀጥታ ማብራሪያው ወደሚጀምርበት መስመር ይወስደኛል።