ስቴንት ፈልጌ ክኒን ታዘዘልኝ

ምሳ ላይ ቀኝ እጄ እንጀራ መጠቅለል እምቢ አለ። ወጡ በጣቶቼ መሃል ይንጠባጠባል። ባለቤቴን ልጠራት ስል ምላሴ ተሳሰረ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ለቀቀኝ። እህቴ በስልክ “ብርድ መቶህ ነው፣ ተኛ” አለች። ባለቤቴ ግን አልሰማቻትም፤ ይዛኝ ሐኪም ቤት ሄደች።

ሲቲ አንጂዮግራፊው (የደም ቧንቧ የሚያሳየው የራጅ ምርመራ) በግራ በኩል ያለው ዋናው የአንጎል ደም ቧንቧ ከ70 በመቶ በላይ መጥበቡን አሳየ። ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ለዓመታት ግድግዳውን ሲያቆስሉት ስቡ እዚያው ይጋገርና ይደድራል። ያጋጠመኝ ሚኒ ስትሮክ ነበር፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ተቋርጦ የሚመለስበት።

“ለልብ እንደምታደርጉት ስቴንት አስገቡልኝ” አልኩ፤ የጠበበ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዘውን ትንሽ የሽቦ ቱቦ ማለቴ ነው። ሐኪሙ እንደኔ የአንጎል ቧንቧቸው በጠበበባቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ነገረኝ። በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ የያዛቸው ወይም የሞቱት ስቴንት ከገባላቸው 14.7 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5.8 በመቶ ነበሩ። የአንጎል ቧንቧ ስስ ነው፤ ከጎኑ የሚወጡት ቀጫጭን ቅርንጫፎችም ሊደፈኑ ይችላሉ። ዝም አልኩ።

የታዘዘልኝ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ለሦስት ወር፣ ከዚያ አስፒሪን ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ሲረዝሙ ያደማሉ። ከፍ ባለ መጠን የታዘዘ ስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒትም አለ፤ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ70 በታች እንዲወርድ። የላይኛው ግፊት ከ140 በታች። ሲጋራውን ያኔውኑ ተውኩ።

ያስቸገረኝ ግፊቱ ነው፤ አያምም፣ አይታይም። አሁን የምለካው ቡና ከመፈላቱ በፊት ነው፤ ወንበር ተደግፌ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ፣ ክንዴን በልቤ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አድርጌ። ሦስተኛ ቡና ጠጥቶ ለክቶ መደንገጥ የሰፈራችን ልማድ ነው። ጨው ላይ ደግሞ ወጡን ብቻ እንቆጣጠር ነበር፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ የገባውን ማን አስቦት? አሁን ያለ ጨው ይፈጫል።

ጾም ሲገባ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። “መድኃኒት ጾም አያፈርስም፣ ዋጥ” አሉኝ። ፌጦ ክኒኑን ይተካል የሚሉኝ ጎረቤቶች ግን ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም።

ምልክቱ ከተመለሰ እስኪለቀኝ አልጠብቅም። ባለቤቴ የጀመረበትን ሰዓት ትይዛለች፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። መርፌው የት ሆስፒታል እንዳለም ቀድመን አጣርተናል።