ነጭ መስቀል የተቀባበት የብረት ቆብ

እኔና የእህቴ ልጅ የጦር ሠራዊት ቄሶች በጦርነት ጊዜ የደፏቸውን የብረት ቆቦች መሰብሰብ ከጀመርን ወዲህ፣ ነገሩን የሰማ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ከጦር ሜዳ ዕቃ ሁሉ ለምን የቄስ ቆብ? የእህቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ ነው፤ ቆቦቹም የሚቀመጡት እሱ ቤት ነው። እኔ እዚህ አዳማ ሆኜ የሚልክልኝን ፎቶግራፍ አገላብጣለሁ፣ አነባለሁ፣ አጣራለሁ። ይገዛ አይገዛ የሚለውን ሁለታችን ተመካክረን እንወስናለን።

መልሴ አጭር ነው። ቄሱ ጥይት በሚዘንብበት ቦታ ከወታደሩ እኩል ይቆማል፤ መሣሪያ ግን አይዝም። ከፍንጣሪ የሚከልለው ነገር ቢኖር ያቺ ብረት ብቻ ናት። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ይሆናል ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው። ሰው ሊሞት ነው ተብለው በሌሊት ሲጠሩ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መስቀላቸውን ጨብጠው ይወጣሉ። ጅብ በሚጮኽበት መንገድ እንኳ ዱላ ይዘው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም።

ብዙውን ጊዜ እጃችን የሚገባው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1941 የተቀበለው ኤም 1 የተባለው ቆብ ነው። ላዩ የማንጋኒዝ ብረት ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ራስ ላይ የሚያርፍ ቀላል ውስጠኛ ቆብ አለው። ሁለቱ ተደርበው 1.3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ወታደሩ ቅርፊቱን ነጥሎ ፊቱን ይታጠብበታል፣ አፈር ይዝቅበታል። ቄሶቹ ደግሞ ውኃ ሞልተው አጥምቀውበታል። ይህንን የሚያሳይ የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለረጅም ጊዜ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ልጁ ጭቃ ላይ ተንበርክኳል፤ ቄሱ ባዶ ራሱን ቆሟል፤ ቆቡ መጠመቂያ ሆኗላ።

በርካታ ቄሶች በቆባቸው ግንባር ላይ ነጭ መስቀል ይቀቡ ነበር። አይሁዳውያን ረቢዎች ደግሞ ሁለቱን ጽላትና የዳዊትን ኮከብ። ብዙ ሰው ይህንን ነጭ መስቀል ከቀይ መስቀል ጋር ያምታታዋል። የጄኔቫ ስምምነት የጦር ቄሶችን እንደ ሐኪሞቹ ሁሉ እንዲከበሩና እንዲጠበቁ ይደነግጋል፤ በስምምነቱ የታወቀው ምልክት ግን ቀዩ ነው። ነጩ መስቀል የሚናገረው በዋነኛነት ለራሱ ወገን ነበር። በጢስና በጩኸት መካከል የወደቀ ወታደር ቀና ብሎ ቢያይ፣ የሚፈልገውን ሰው ከሩቅ እንዲለይ ነው።

ለዚህ ነው ሰሞኑን የመጣልን ቆብ እንዲህ ያንገበገበኝ።

ሻጩ ቆቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944፣ ጀርመኖች በያዟት ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ የወረደ የአሜሪካ ጦር ቄስ ቆብ ነው ይላል። የጠየቀው ዋጋ የአንድ ተራ ወታደር ቆብ ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ነው። ነጩ መስቀል በፎቶግራፍ ሲታይ ያምራል፤ ጠርዙ ትንሽ ተልጧል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ሄዷል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት መስቀሉን አልነበረም። የኤም 1 ቅርፊት አፉ ዙሪያውን በቀጭን ብረት የተጠቀለለ ነው፤ የዚያ ብረት ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት መጋጠሚያ እስከ 1944 መገባደጃ ድረስ በግንባር በኩል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማጅራት በኩል ተዛወረ። የዚህኛው መጋጠሚያ ከኋላ ነው። በሰኔ ወር ገና አልተሠራም ማለት ነው።

ሁለተኛውን ነገር ያገኘሁት ፎቶግራፉን በኮምፒውተር አስፍቼ ሳየው ነው። ቆቡ በግራ በኩል ረጅም ጭረት አለው፤ ብረቱ ድረስ የዘለቀ፣ ውስጡ ዝጎ የጠቆረ። ነጩ ቀለም ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ዝገቱ ላይ ተኝቷል። መስቀሉ አስቀድሞ የነበረ ቢሆን ኖሮ ጭረቱ መስቀሉን ይቆርጠው ነበር። እዚህ ግን ቀለሙ ከጭረቱም ከዝገቱም በኋላ የመጣ ነው።

ሻጩ ራሱ ቀባው አልልም። እሱም ከሌላ ሰው ተታሎ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ብሩሽ አንሥቶ ይህንን አድርጓል፤ ይህንን ማድረግም ለእኔ ተራ የገበያ ማጭበርበር አይደለም። ያ ቆብ የሆነ ወታደር ቆብ ነበር። ምናልባት ያ ልጅ ሳይመለስ ቀርቷል። ቀቢው የእሱን ታሪክ ደምስሶ ያልነበረ ቄስ ፈጠረ፤ እውነተኞቹን ቄሶችም የዋጋ ማስወደጃ አደረጋቸው።

ኖርማንዲ ላይ የነበሩት እውነተኞቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለማድረግ እጁ እንዴት ይታዘዘዋል? ፍራንሲስ ሳምፕሰን የተባለው ካቶሊካዊ ቄስ ከአሜሪካ 501ኛው የፓራሹት እግረኛ ሬጅመንት ጋር በዚያች ሌሊት ዘልሎ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ወደቀ። እንዳይሰምጥ የተሸከመውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ። ከውኃው ካመለጠ በኋላ ግን ተመልሶ ደጋግሞ ጠለቀ፤ የሚፈልገው የቅዳሴ ዕቃውን ነበር፤ አገኘውም። ኋላም ሊነሱ ካልቻሉ ቁስለኞች ጋር ቀርቶ በጀርመኖች እጅ ወደቀ፤ ለጥቂት ከመረሸን ተረፈ። ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ ጦር ካህናት ሁሉ አለቃ ሆኗል።

የእህቴ ልጅ ግን ቶሎ አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ መስቀሉ ሐሰት ቢሆን እንኳ ብረቱ እውነተኛ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እውነተኛ ነው። በወታደር ቆብነቱ፣ በወታደር ቆብ ዋጋ ቢሸጥ አንድም ተቃውሞ የለኝም አልኩት።

እዚህ አዳማም አንድ ቆብ አለኝ። የሚያውቀኝ ቁራሌው «ይህቺ ለእርስዎ ትሆናለች» ብሎ ያመጣልኝ ናት። ዶሮ ውኃ ይጠጣባት ነበር አለኝ። ውስጠኛው ቆብም የአገጭ ማሰሪያውም የሉም፤ መጋጠሚያዋ በግንባር በኩል ነው። የዚህ ከተማ አቧራ በሸካራው ቀለም ውስጥ ገብቶ ተጋግሯል፤ በጥርስ ብሩሽ ብፈትገውም አልለቀቀም። ወዳጄ የሆነ መምህር ሊያያት መጥቶ፣ «ለተማሪዎቹ እንዲገባቸው ነጭ መስቀል ለምን አትቀባባትም?» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። ግን አይሆንም። ባዶዋን ትቀመጣለች፤ አጠገቧ ፎቶግራፍ ቢሰቀል ለተማሪ ይበቃዋል።

ይህቺ ቆብ የቃኘው ዘማች ቆብ ናት ብዬ ባወራ የሚከለክለኝ የለም፤ ልቤም አንዳንዴ ይፈልገዋል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት በባቡር ወደ ጅቡቲ የወረደው በዚችው ከተማ አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ፑሳን ደረሰ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ይህንኑ ኤም 1 ደፍቶ ተዋጋ። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ኤሚል ካፑን የተባለው የጦር ቄስ በሰሜን ኮሪያ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ። ከስድስት ወር በፊት ኡንሳን ላይ ማምለጥ ሲችል ቁስለኞቼን ጥዬ አልሄድም ብሎ የተማረከ ሰው ነው። የአሜሪካ ከፍተኛው የጀግና ሜዳልያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2013፣ አፅሙ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የእኛ ልጆች መርከብ ሲወርዱ እሱ እያጣጣረ ነበር ብዬ ሳስብ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ መስመር ይገጥሙብኛል። ቢሆንም ለቆቧ ማስረጃ የለኝም፤ ስለዚህ የቃኘው ናት አልልም።

የእኛን ካህናትም አስባለሁ። አድዋ ላይ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ነበረ። አብረው የዘመቱት ካህናት ራሳቸው ላይ የነበረው ጥምጥም ነው፤ ጨርቅ ጥይት አይመልስም። ከዚያ ጥምጥም ውስጥ አንዱን እንኳ ቢያሳዩኝ የእህቴን ልጅ ቆቦች ሁሉ እለውጥበት ነበር።

በመጨረሻ የተስማማነው በሌላ ቆብ ላይ ነው። የአንድ የሞቱ ቄስ ቤተሰብ የሚሸጠው ነው፤ ገዢ አጥቶ ሰንብቷል፤ ምክንያቱም ግንባሩ ላይ ምንም መስቀል የለም። ቄሱ አልቀቡም፤ ሁሉም አይቀቡም ነበር። በውስጠኛው ቆብ ዙሪያ ባለው ላብ መጣጭ ቆዳ ላይ ግን የቤተሰብ ስማቸው በቀለም ተጽፏል፤ ሰውየው ቆቡን እንደደፉ የተነሱት ፎቶግራፍና ለሚስታቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎችም አብረው ይሸጣሉ። የእህቴ ልጅ ዛሬ ከፈለ። የአንዱን ደብዳቤ ፎቶግራፍ ወዲያው ላከልኝ፤ ቄሱ እርጥበቱ እግራቸውን እንደጎዳቸው ነግረው፣ የሱፍ ካልሲ እንድትልክላቸው፣ አብረዋቸው ላሉት ወታደሮች የሚሆንም እንድትጨምርበት ሚስታቸውን ይለምናሉ።