ቫይታሚን ላኪልን ለምትሉኝ ሁሉ

ሰው ወደ አገር ቤት ሊሄድ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ድሮ የሚታዘዘው ጫማና ሽቶ ነበር። አሁን ለፀጉር ባዮቲን፣ ለጉልበት ካልሲየም፣ ለልጆቹ «አእምሮ የሚከፍት» ኦሜጋ ሦስት፣ ለአጎቴ ደግሞ «ያው አንቺ የምታውቂውን» ሆኗል። ሰሞኑን አንዲት አብሮ አደጌ «እናንተማ የምትበሉት ሁሉ በቫይታሚን የተሞላ ነው፤ እኛ እኮ ሽሮ ላይ ነን» የሚል የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አውቶቡስ እየጠበቅኩ ሰማሁትና ብቻዬን ሳቅኩ። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ላይ ሽሮ እንዲጫንልኝ ደጅ እየጠናሁ ነበር። ሻንጣው እንክብል ይዞ ይሄዳል፣ ሽሮ ይዞ ይመለሳል፤ የሚያተርፈው አየር መንገዱ ብቻ ነው።

እስቲ እናንተ የምትቀኑበትን ኑሮ ልንገራችሁ።

እኔ ስቶክሆልም ከመምጣቴ በፊት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። የቫይታሚኖችን ሠንጠረዥ በጠመኔ ስጽፍ ልጆቹ በዜማ ይቀበሉኛል፤ ኤ ሲጎድል ዳፍንት፣ ሲ ሲጎድል ስኮርቪ (የድድ መድማት)፣ አዮዲን ሲጎድል እንቅርት፣ ብረት ሲጎድል ደም ማነስ፣ ዲ ሲጎድል ሪኬትስ (የልጆች አጥንት መለስለስ)። ዲ ላይ ብዙ አንቆይም ነበር። የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት ለሆነ ሕዝብ ምኑ ይብራራል?

ስቶክሆልም በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ወጣች የሚባለውም ደመናው ከፈቀደ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ በጨለማ ገብቼ በጨለማ እወጣለሁ። ውሎ አድሮ ጭኔንና ወገቤን ቁርጥማት ያዘኝ፤ ደረጃ ስወጣ እጄ ሳይደግፈኝ ጉልበቴ አይነሣም። አገር ቤት ስደውል የምርመራው ውጤት አንድ ዓይነት ነበር፦ ብርድ ነው። እናቴ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ አክስቴ ጠበል፣ ወንድሜ ደግሞ ጋብቻ አዘዘልኝ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ የመጣ ዕለት የተቀበለችኝ ነርስ በዕድሜ ከተማሪዎቼ የምታንስ ልጅ ነበረች። አስተርጓሚ በስልክ ተገናኝቶልን ነበር፤ እሷ ግን እሱን መጠበቅ ሰለቻትና ከመሳቢያዋ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አወጣች። ጽሑፍ የለውም፤ ሥዕል ብቻ ነው። ዓሣ፣ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዐይን የተሣለላት፣ ጉንጯ የቀላ፣ ጥርሷን ገልጣ የምትስቅ ፀሐይ። ነርሷ ጣቷን ፀሐይዋ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ፣ አፏን ሰፋ አድርጋ «ሶል» አለችኝ። ቀጥላ ክንዴን ነካ አደረገች፤ ከዚያ ተመልሳ ፀሐይዋን። «ሶል!» አስተርጓሚው ከስልኩ ውስጥ «ፀሐይ ማለቷ ነው፣ እኅቴ» አለኝ። ከጀርባዋ ያለው መስኮት ጥቁር ብሏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።

ስንት ዓመት ጠመኔ የያዘ እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ የምትስቅ ፀሐይ አስተዋወቁኝ። ይባስ ብላ «በአገራችሁ ወተት አለ?» ብላ አስጠየቀችኝ። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆነ አገር የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ልነግራት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቀጥላ «ታዲያ በቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጪ ነበር?» ብትለኝስ? ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ፣ ሑዳዴ ሲቀነስ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሲቀነስ፣ የተረፈው ደግሞ ቅቤ ሊሆን ሲናጥ፣ የከብቱ ብዛትና የብርጭቆው ቁጥር ለካ ዝምድና የላቸውም። ዝም አልኩ። ያቺን ፀሐይ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

የደም ምርመራው ወረቀት ላይ ያለው የቫይታሚን ዲ ቁጥሬ 18 ናኖሞል በሊትር ነበር። 50 እና ከዚያ በላይ በቂ ይባላል፤ ከ25 በታች እጥረት ነው። የሚገርመው ነርሷ በሥዕል የነገረችኝ መድኃኒት በዚያ ወቅት አይሠራም። በዚህ ኬክሮስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይዋ በጣም ስለምታዘቀዝቅ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር ከባቢ አየሩ ውስጥ ይቀራል፤ ራቁትህን ውጭ ብትቆም ብርድ እንጂ ቫይታሚን አታገኝም። በበጋም ቢሆን ጠቆር ያለ ቆዳ ጨረሩን ስለሚመክት ነጩ በአጭር ጊዜ የሚያገኘውን እኛ ረዘም ላለ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆይተን ነው የምናገኘው። ከአገር ቤት በሰውነታችን ይዘነው የመጣነው ስንቅ ደግሞ በወራት ውስጥ ያልቃል።

ስዊድናውያን ይህን ስለሚያውቁ መላ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ጨው ላይ አዮዲን ይጨምራሉ፤ ወተትና ማርጋሪን ላይ ቫይታሚን ዲ የመጨመሩን የቆየ ግዴታ ደግሞ በ2018 አስፍተውታል። ሳልመንና ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣቸውን ይበላሉ፤ ሄሪንጉን በስኳርና በኮምጣጤ ዘፍዝፈው ስለሆነ የሚያቀርቡት እግዚአብሔር ይርዳችሁ። የመጀመሪያዋ የመጋቢት ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ሥራ አቋርጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን አቅንተው እንደ እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። እኛስ? ያን ሁሉ ፀሐይ ይዘን ጥላ ዘርግተን፣ ነጠላ ተከናንበን፣ «ምች ይመታሻል» ተብለን ያደግን ነን። ዳማከሴ አሽትቶ ያላደገ ማን አለ?

ከዚህ ሁሉ የማይረሳኝ እናቴ እኅቴን ልታርሳት የመጣች ጊዜ ያየሁት ነው። የካቲት ነው፤ ውጭው በረዶ፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ። እናቴ ሕፃኑን ልብሱን አውልቃ፣ ቅባት ቀብታ፣ በመስኮት በምትገባው ፀሐይ ጭኗ ላይ እያገላበጠች እግሩን ስትስብለት፣ ወገቡን ስታሸው ደረስኩ። ሁላችንንም ያሳደገችበት ጥበብ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደጃፍ ላይ ቢሆን ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን የመስኮት መስተዋት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር ያስቀረዋል። እዚህ ለሕፃናት በቀን አምስት ጠብታ ዲ ይታዘዛል፤ ዐሥር ማይክሮግራም ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው በነፃ ይሰጣል፤ ቆዳቸው ጠቆር ላለ ልጆች ከዚያም በላይ ይቀጥላል። እናቴ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንሥታ አየቻትና «ፀሐይን በጠብታ!» ብላ አማተበች። ጠብታውን ግን አንድ ቀን አላስረሳችም።

አሁን ወደ ትእዛዛችሁ ልመለስ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የዲ ጠርሙስ ላይ 5,000 ተብሎ ይጻፋል፣ የአውሮፓው ላይ 20። ሰዉ አምስት ሺሁ የበረታ ስለሚመስለው ይሻማበታል። መለኪያው ነው የሚለያየው፦ አምስት ሺሁ በዩኒት (IU)፣ ሃያው በማይክሮግራም ነው፤ አንድ ማይክሮግራም ዲ 40 ዩኒት ነው። 5,000 ዩኒት 125 ማይክሮግራም ይሆናል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ ደግሞ 100 ነው። ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ከዚያ በላይ ሊያዝ ይችላል፤ ጎረቤት ግን አያዝም። ቫይታሚን ሲ ቢበዛ አብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ ገንዘባችሁን ሸናችሁት ማለት ነው። ኤ እና ዲ ግን በስብ የሚሟሙ ናቸው፤ ሰውነት ያከማቻቸዋል። ዲ ከልክ ሲያልፍ ደም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፤ ጥማት፣ ማስመለስ፣ ሲብስም የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። የዓሣ ጉበት ዘይት ላይ መልቲቫይታሚን የምትደርብ ነፍሰ ጡር ካለች ሁለቱም ውስጥ ያለውን ኤ ትደምረው፤ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል። ለፀጉር የምትሉት ባዮቲን ደግሞ በብዛት ሲወሰድ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ያዛባል። ፀጉራችሁ ሳይረዝም የሌለባችሁን በሽታ ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

ስለ ጤፍም ኩራታችንን ትንሽ ላብርደው። «ጤፍ በልተን ደም ማነስ አይነካንም» የሚሉ እኅቶች እዚህ ብረት ሲታዘዝላቸው ይቆጣሉ። ጤፍ ብረት አለው፤ ከሚለካው ውስጥ ግን ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው። የእህልና የአትክልት ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይመጠጥም። እርሾው ይረዳል፤ ሊጡ ሲቦካ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ቃሪያና ሎሚም በቫይታሚን ሲያቸው ያግዛሉ። ችግሩ እኛ ገበታው ሳይነሣ ቡናውን መቁላታችን ነው። ቡናና ሻይ የእህሉን ብረት አንጀት እንዳይቀበለው ያደርጋሉ። አቦሉን አንድ ሰዓት አቆዩት ስል ቤት ያፈረስኩ ያህል ነው የሚታየኝ፤ ግን አቆዩት። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ከካልሲየሙም ያራርቀው። ሰገራው ቢጠቁር አይደንግጥ።

በጾም ወቅት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ቢ ዐሥራ ሁለት የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያከማች ለምእመኑ ፍስኩ ይክሰዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚጾም ግን እጥረቱ ዘግይቶ፣ እግር በመደንዘዝ ሊመጣ ይችላል። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም ይህን ያስመርምሩ። የእኛ ደብር ወጥ ቤት ውስጥ ግን ክርክሩ ስለዚህ አልነበረም፤ የዲ እንክብል ፍስክ ነው ወይ በሚለው ነበር። እውነትም አብዛኛው ዲ ሦስት የሚባለው የቫይታሚኑ ዓይነት የሚሠራው ከበግ ፀጉር ከሚወጣ ስብ ነው፤ ሽፋኑም ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጀላቲን ነው። ድስቱ እስኪያር ተከራከርን። ቄሱ «ሐኪም ያዘዘውን ውሰዱ፤ መድኃኒት ጾም አይገድፍም» ብለው ገላገሉን። ለማይዋጥለት ከድንጋይ ሽበት (ላይከን) የሚሠራም አለ፤ ዛፍና ድንጋይ ላይ የሚበቅለው።

እናንተ ለመምጣት ጓዝ የምትጠቀልሉ፣ ቫይታሚን ከማጠራቀም ይልቅ ደማችሁን ተመርምራችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ኑ፤ ኋላ የሚነጻጸርበት ይኖራችኋል። አመጣጣችሁ በመስከረም ወይም በጥቅምት ከሆነ ጨለማው ሳይቀድማችሁ ስለ ዲ ጠይቁ። ለመውለድ የምታስቡ ሴቶች፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቢ ቫይታሚን ዓይነት በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝና በፊት ጀምራችሁ እስከ ሦስተኛው ወር ውሰዱ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ላይ ይጨመራል፤ ስዊድን አይጨመርም፤ ስለዚህ ቺካጎ ያለች እኅት የምትመክራችሁ እዚህ ላይሠራ ይችላል። ሐኪሙ «ትንሽ ዝቅ ብሏል» ሲላችሁ በዚያ አትመለሱ፤ ቁጥሩንና መለኪያውን በወረቀት አስጽፉ። የብረት እንክብል ከተሰጣችሁ ደግሞ ሽፋኑ ከረሜላ ስለሚመስል ከልጅ እጅ አርቃችሁ ቆልፉበት፤ ጥቂት ፍሬ ሕፃን ሊገድል ይችላል።