ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሰናብተን መጣን

ስእለት የደረሰለት ሰው ዝም አይልም። እኛም ዝም አንልም፤ ኪዳነ ምሕረት የለመንናትን ሰምታናለች። እናታችን ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ ላይ ያለችውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሳይሰናበቱ እንዳይቀሩ። ተሰናበቱ። ሐይቁ ጸጥ ብሎላቸው ሄዱ፣ ጸጥ ብሎላቸው ተመለሱ። የቤታችን የዕረፍት አገር ዘጌ ነበረች፤ ዕረፍቱም ስእለቱም እዚያው ቡናው ሥር ነበር። ከእንግዲህ ግን ጀልባ አይሳፈሩም። ስለ ራሳችን ይህ ይበቃል። የቀረውን የጻፍነው ያረጀ ወላጁን ይዞ ጣናን ለመሻገር፣ ስእለቱን አድርሶ በደኅና ለመመለስ ለሚለምን ሰው ነው።

ሐይቁ ለምን ጸጥ እንዳለ እናውቃለን። ሞተሩ ለምን እንዳልጠፋም እናውቃለን። "ምክንያቱን ካወቃችሁት ምኑ ነው ተአምሩ?" የሚል አይጠፋም። ታዲያ ጠዋቱን ጸጥተኛ አድርጎ የፈጠረው ማን ሆነና! ልመናችንን የሰማን ምክንያቱን እያሳየን ነው፤ ባያሳየን ኖሮ ከሰዓት በኋላ ተሳፍረን "ማዕበሉን አብርድልን" እያልን እንጮህ ነበር።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቁ የተባለው ቦታ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲያገኘው የሚያነሳው ሞገድ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው ይደርስባታል። ነፋሱ ደግሞ ሰዓት አለው። ፀሐይ ከፍ ስትል ምድሩ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ የምድሩ አየር ሞቆ ሲነሳ በቦታው የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ባሕር ዳርና ዘጌ በሐይቁ ደቡብ በኩል ስላሉ፣ ከሰሜን የተነሳ ነፋስ እስኪደርስባቸው ድረስ ውሃውን በሐይቁ ርዝመት ሙሉ ሲገፋ ይመጣል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መነሳት፣ ከዘጌም ከረፋዱ 5 ሰዓት ሳያልፍ መመለስ ነው። መሻገሪያው በተለመደው የሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በክረምት ይህም አያስተማምንም፤ ደመናው ከጠቆረ ቀኑን መተው ነው። ባለጀልባው "ያልፋል፣ አይዟችሁ" ቢልም መተው ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዓሉ ላይ ነው። የኪዳነ ምሕረት ንግሥ የካቲት 16 ነው። ማኅሌቱ ሲቆም ያድራል፣ ቅዳሴው ይቀጥላል፣ ታቦቷ ወጥታ ዑደት አድርጋ እስክትገባ ፀሐይ አናት ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ጠበል ጻዲቁ አለ። ከዚያም ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ጀልባ ይወርዳል፤ ሞገዱ በሚነሳበት ሰዓት፣ ከልኩ በላይ በተጫነ ጀልባ። ጉልበት ለከዳው ሰው ስንብት የንግሡን ቀን አትምረጡ። ወርኃዊው 16 አለ፣ ከዚያም ተራው ቀን አለ፤ በተራ ቀን ካህናቱም ጊዜ አላቸው፣ ሽማግሌውም ሳይጋፋ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ የልቡን ያወራል። "ንግሡን ሳላይ አልሰናበትም" ያለ ካለ ዋዜማውን ገብቶ ይደር፣ ሲመለስም በንግሡ ማግስት ጠዋት ይሻገር። ከባሕር ዳር ዘጌ ከተማ የሚያደርስ የየብስ መንገድም አለ፤ ነገር ግን ከከተማው እስከ ዑራ ያለው የእግር መንገድ ለደካማ ይረዝማል። በየብስ ለሚመጣ ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ መጠየቅ በዚህ ዘመን የማይታለፍ ነው።

ገዳሙንም ሳያጣሩ መሳል አለ። በጣና ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። እናቱን ይዞ ወደ ክብራን የተሳለ ሰው እናቱን ጀልባ ላይ ትቶ ይወጣል ማለት ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም፣ ጎረቤቷ አዝዋ ማርያምም ሴቶችን ያስተናግዳሉ።

አሁን ወደ ሞተሩ። መሀል ሐይቅ ላይ ሞተር መጥፋቱ በራሱ አያሰጥምም። አደጋው ሞተሯ የጠፋባት ጀልባ ዞራ ጎኗን ለሞገዱ ስትሰጥ፣ ሰውም ደንግጦ በአንድ በኩል ሲነሳ ነው። የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። በተንቀሳቃሹ የቤንዚን ታንክ ክዳን ላይ የአየር ብሎን አለች። ቤንዚኑ እንዳይተን ማታ ትዘጋለች፤ ጠዋት ሳትከፈት ጉዞ ይጀመራል። ሞተሩ መጀመሪያ ደኅና ይሠራል። ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር ግን በቦታው አየር ስለማይገባ ታንኩ ይታፈናል፣ ሞተሩም መሳብ አቅቶት እያነቀው ይጠፋል። ሰውን የሚያታልለው፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መነሳቱ ነው፤ ትንሽ ሄዶ ዳግመኛ ይጠፋል። ያኔ የሞተሩን ካንዴላ መፍታት ሳይሆን የታንኩን ክዳን ማየት ነው። ሌላ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጭንቅ መሀል "እመ ብርሃን ድረሽልን!" ሲባል የአንድ ልጅ ዓይን ብሎኗ ላይ ዐረፈ። እኛ ይህን መድረስ እንለዋለን።

ሁለተኛው ቤንዚን ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ከጄሪካን ጄሪካን ሲገለበጥ የቆየ ቤንዚን ውሃ አያጣውም፤ ውሃው ከብዶ ከሥር ይቀመጣል። ጀልባዋ ስትናጥ ይነሳና ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ ጄሪካኑን ሳያናውጡ በማጣሪያ መቅዳት፣ ከሥር የቀረችውን አለመጨመር ነው። ሦስተኛው ደንገል፣ ሣርና የተጣለ መረብ ነው፤ ዳርቻ ላይ ፕሮፔለሩን ይጠመጥመዋል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃው ወደ ላይ አንሥቶ በቢላ መቁረጥ እንጂ እየሠራ እጅ መስደድ የለም።

ሞተሩ እስኪነሳ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሞገዱ ማዞር ግድ ነው። መቅዘፊያ ካለ በመቅዘፊያ ነው። ከሌለ ደግሞ ባልዲ በገመድ ከፊተኛው ጫፍ አስሮ ውሃው ውስጥ መጣል፤ ባልዲው ውሃ ሞልቶ ወደ ኋላ ሲጎትት አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞርና ይቆያል። ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቅዘፊያ አለ? ባልዲና ገመድ አለ? ብሎኗ ተከፍታለች? ባለጀልባው ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ሕይወት አድን ጃኬት ላይ ብዙ ክርክር ሰምተናል። "ጸልየናል፣ ምን ያስፈልጋል" የሚሉ አሉ። ጌታ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል የመለሰው "ጌታ አምላክህን አትፈታተነው" ብሎ ነው። ለእኛ ይህ ቃል ክርክሩን ይዘጋዋል። ለሽማግሌ ሕይወት አድን ጃኬት ሲለበስ ጋቢው ከላይ እንጂ ከሥር አይሁን፤ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከላይ ከሆነ ወርውረው ይጥሉታል፣ ከሥር ከሆነ ግን ይጎትታቸዋል። ማሰሪያዎቹ ሁሉ ይታሰሩ፤ ያልታሰረ ጃኬት ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ተንሸራቶ አፍ ይዘጋል። መቀመጫቸው ከመሀል ወደ ኋላ ይሁን፤ ፊት የተቀመጠ ሞገዱን በወገቡ ነው የሚቀበለው። ሲሳፈሩ አንድ ሰው ጀልባው ውስጥ፣ አንድ ሰው ምድር ላይ ሆኖ ክንዳቸውን ይያዝ፤ እግራቸውን ጠርዙ ላይ ሳይሆን መሀሉ ወለል ላይ ያሳርፉ።

ከዑራ ወደብ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በቡናው ደን ውስጥ ዳገት ነው። ለጤነኛ 20 ደቂቃ የማይሞላው መንገድ ለደካማ ሰው ሁለት እጥፍም ሊሆን ይችላል። ሥሩና ድንጋዩ ጤዛ ሲይዘው ያንሸራትታል፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ የክት ጫማ እዚህ አይሆንም። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፣ ጉልበትን የሚፈትነው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ሲመለሱ ምርኩዙ ቀድሞ ይውረድ፣ ቀጥሎ የሚያመው እግር፣ በመጨረሻ ጤነኛው። ደጋፊው ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ አንድ እርምጃ ዝቅ ብሎ ይሂድ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ደን ሽማግሌዎች እያቆሙ ሊያዩት ይፈልጋሉ፤ አታቻኩሏቸው። ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ ነው። በዘጌ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ ያለ በሬና ያለ ሞፈር እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ ይባላል፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ነው ይላሉ።

የስእለት ዕቃው ጣጣ አለው። መገበሪያ ስንዴው የተለቀመ ይሁን። ዘቢቡ በዘይት ያልታሸ መሆኑን በጣት አሽቶ ማየት ነው፤ አንዳንዱ የታሸገ ዘቢብ እንዳይጣበቅ ዘይት ይነካዋል፣ ለመሥዋዕት አይሆንም። ጧፉን ፀሐይ የሚመታው ቦታ አታስቀምጡት፤ ሰሙ ለስልሶ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሲላቀቅ ይቆራረጣል። ዕጣኑን ከቤንዚን ታንኩ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ለኪዳነ ምሕረት ቤንዚን አጠነ ማለት ነው፤ ሽታውን ይስባል። በተዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ በጀልባዋ ፊተኛ ጫፍ አስቀምጡት። መጋረጃ የተሳለ ቄሰ ገበዙን ልክ ሳይጠይቅ አያሰፋ። ጨርቅ የሚያሳጥረው ግምት ነው፤ አጥሮ የመጣ መጋረጃ ተጣጥፎ ዕቃ ቤት ይቀራል። ስትሰጡም ለገበዙ በእጁ ስጡ እንጂ ደጅ ላይ ለተገኘ ሰው አትተዉት።

ውስጥ ስትገቡ ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ነው። በካሜራ ብልጭታ አታንሡ። ሽማግሌውን በላኤ ሰብእ ከተሣለበት ፊት አስቀምጧቸው። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነበት ታሪክ ከኪዳነ ምሕረት ጋር አብሮ የሚነገር ነው። ስንብት እዚያ ሲደረግ ቃል አይበዛም። እናታችን ያሉት "አደራሽን" ብቻ ነው።

ቡና ሳይዙ መመለስ የለም። የዘጌ ጀንፈል ስትገዙ እፍኝ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ የደረቀው ያንኳኳል፣ ያልደረቀው ድምፁ ይታፈናል። ፍሬውን ስትነክሱት ጥርስ ካስገባ ገና እርጥብ ነው። ለመሻገሪያው ፍንጣሪ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ባሕር ዳር ስትደርሱ ግን በዚያው ቀን አውጥታችሁ አስጡት። በፕላስቲክ ያደረ ቡና ይሻግታል፣ ሻጋታውም በቆላው አይወጣም።

መሻገር ለማይችሉት ስእለት መላክ ይቻላል። መገበሪያና ጧፉን ለሚሄድ የታመነ ሰው ስትሰጡ የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ከዕጣኑ ጋር አብራችሁ ስጡ። በእርሳስ ጻፉት፤ እስክሪብቶ ሞገድ ሲነካው ይፈሳል። የቤት ስማቸውን ብቻ የላከ ሰው ቄሱን ያስቸግራል። ወለተ ማርያም ብዙ ናትና የእናታቸውንም የክርስትና ስም ጨምሩበት። ወረቀቷን በፌስታል ቋጥሩ፤ ያ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መሳፈሩንም አረጋግጡ።